ሰሜን ተራሮችን በእግር፤ መኪና የማይደርስባቸው መንገዶች

ከጎንደር በማለዳ ተነሥቶ፣ ደባርቅ መግቢያውን ከፍሎ፣ በመኪና ጨነቅ ካምፕ ድረስ ዘልቆ ማታ የሚመለስ ሰው ጭላዳ ዝንጀሮም ዋልያም ሊያይ ይችላል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ግን ከሁሉ የሚያምረው በገደሉ ጠርዝ በሚሄደው የእግር መንገድ ላይ ነው። እዚያ የሚወርደው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ለመጀመሪያ ቀን ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር ካምፕ ያለው መንገድ በጣም ጥሩ ነው። መኪናው ቡይት ራስ ያወርዳችሁና ጠርዝ ጠርዙን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ትሄዳላችሁ። ከባድ ዳገት የለውም፤ ሰውነትም ከፍታውን ቀስ ብሎ ይለምዳል። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ይህን ዘለው በቀጥታ ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር ላይ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው ሌሊቱን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚያስቸግራቸው። ራስ ምታቱ ከበረታ መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው፤ ክኒን ውጦ ወደ ላይ መቀጠል አደገኛ ነው።

ከሁሉ የምናስቀድመው ከግጭ ካምፕ ተነሥቶ በእሜት ጎጎና በእናትዬ ጫፎች አድርጎ ጨነቅ የሚያደርሰውን መንገድ ነው። ብዙ ሰው 3,926 ሜትር ላይ ካለው እሜት ጎጎ ፎቶ አንሥቶ ወደ ግጭ ይመለሳል። አትመለሱ። ጠርዙን ይዛችሁ እናትዬ፣ 4,070 ሜትር ድረስ ውጡ፤ ከዚያ ወደ ጨነቅ ቁልቁል ነው። በጠቅላላው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሣት ግድ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ከቆላው የሚወጣው ሞቃት አየር ደመና ሆኖ ገደሉን ይሞላዋል፣ ከቀትር በኋላ እግራችሁ ሥር ያለውን ሸለቆ እንኳ ላታዩ ትችላላችሁ። ጠርዙ ላይ ምንጭ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኩ፤ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ያዙ።

የግጭ ሜዳ ከሩቅ ሲታይ ለጥ ያለ ነው። ሲረገጥ ግን ጓሳ የሚባለው ሣር በጉብታ በጉብታ የበቀለ ነው፤ በጉብታዎቹ መካከል አይጥ የቆፈራቸው ጉድጓዶች በሣር ተሸፍነዋል። ቁርጭምጭሚት የሚወለምበት ቦታ ይህ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጅባራ ከሚባለው ረጅም ተክል ላይ አንሡና እግራችሁ የሚያርፍበትን እዩ፤ ለማየት ስትፈልጉ ቁሙ። ወደ ጨነቅ በሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ጉልበት ይፈተናል፤ ምርኩዝ ያስፈልጋል።

መሣሪያ የያዘ ስካውት (አጃቢ ጠባቂ) ግዴታ ነው፤ ደባርቅ ጽሕፈት ቤቱ ይመድብላችኋል። በቅሎ ጫኞቹ ጠርዙን ትተው በአቋራጭ ስለሚሄዱ ጃኬት፣ ምሳና ውሃ በራሳችሁ ቦርሳ ይሁን፤ በቅሎዋን ማታ ካምፕ እስክትደርሱ አታገኟትም። በየካምፑ የሚታየው ትልቁ ስሕተት የምግብ ነው። በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ድፍን ምስር እሳት ቢጨርስም በቀላሉ አይበስልም። ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ይሻላሉ። ለስካውቱም ጨምራችሁ ያዙ። ስሊፒንግ ባግ ስትከራዩ ዚፑን እስከ ላይ ዘግታችሁ ሞክሩት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ጊዜ ያለው ሶና፣ መካረቢያና ሙሊት በሚባሉት ቦታዎች አድርጎ ወደ አዲአርቃይ ከተማ ይውረድ። ቆላው ይሞቃል፣ ሰውም የሚገኝበት መንገድ ነው። ከጨነቅ ጀምሮ 4 ቀን ያህል ያዙለት፤ የሚቀበላችሁን መኪና ከደባርቅ ሳትነሡ ተነጋገሩ።

ወቅቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም ነው። ከጎንደር ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደባርቅ ደውላችሁ ጠይቁ።