ሪያድ ውስጥ ኮምፓውንድ መኖር ያዋጣል ወይ? የኛ ቤት ሪቪው

«ኮምፓውንድ እንግባ ወይስ ውጪ አፓርትመንት እንያዝ» የምትሉኝ ስለበዛችሁ አንዴ ፅፌው ልገላገል። ባሌ ኢንጂነር ነው፣ ወደ ሪያድ ያመጣን ድርጅቱ ነው፣ የምንኖረው ምስራቅ ሪያድ ካሉት የፈረንጅ ኮምፓውንዶች (በግንብ ታጥረው ጌት ላይ ጥበቃ ያላቸው የመኖሪያ ግቢዎች) አንዱ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ገና እዛው ነን ኮንትራቱም አላለቀም። ከ5 ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ ልጅ ላለው 4፣ ልጅ ለሌለው 2፣ ቡና ካላፈላ ለማይነጋለት ሀበሻ ደግሞ 1 ተኩል።

ጥሩው ነገር ልጆች ነው፣ በቃ ልጆች። የትምህርት ቤት ባሱ ጌቱ ላይ ያወርዳቸዋል፣ ቦርሳቸውን በር ላይ ወርውረው ሳይክላቸውን ይዘው ይጠፋሉ፣ እስኪመሽ አላያቸውም አልጨነቅምም። የውስጥ መንገዱ ጉብታ በጉብታ ስለሆነ መኪና መፍጠን አይችልም፣ ደግሞ የትኛውም ቤት ገብተው ውሃ ይጠጣሉ። ሪያድ ውስጥ ውጪ አፓርትመንት ያለ ልጅ ይሄን አያገኝም፣ ከቤት መኪና ከመኪና ሞል ነው ኑሮው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ 45 ዲግሪ ሲገባ ግን የኛም ሳይክል ይቆማል፣ የፑሉ ውሃ ራሱ ሻይ ነው የሚሆነው።

ሜንቴናንሱም አይታማም። ኤሲ ሞተ ብለሽ ስትደውይ ወዲያው መሳሪያቸውን ይዘው ከች ይላሉ፣ ጫማቸው ላይ ላስቲክ አጥልቀው ገብተው ሰርተው አፅድተው ይወጣሉ። ውጪ ያሉት ጓደኞቼ ሀሪሱን (የህንፃውን ዘበኛ) ስንቴ ለምነው ስንቴ ሻይ አጠጥተው እንደሚያሰሩ ስለማውቅ በዚህ አላማርርም።

ወደ ብሩ እንምጣ። ባለ 3 መኝታው በዓመት 180 ሺህ ሪያል ነው፣ ውሃ ጂም ፑልና ወደ ሞል የሚሄደው ባስ እዛው ውስጥ ነው። ድርጅት የማይከፍልላችሁ ከሆነ ማንበባችሁን እዚህ ጋ ብታቆሙ አልቀየማችሁም። በዛ ላይ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስታሳድሱ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል አለ፣ በፈረንጆቹ 2017 በ100 ጀምረው በየዓመቱ 100 እየጨመሩ እዚህ ያደረሱት። እኔና ሁለቱ ልጆች ብቻ በዓመት 14,400 ሪያል ነን ማለት ነው፣ ኮንትራት ስትደራደሩ ይሄን ማን እንደሚከፍል ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ።

አሁን የሚከነክነኝን ልናገር። ኮምፓውንድ እንደዚህ የተወደደው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ሴኩሪቲ ነው፣ በፈረንጆቹ 2003 ግንቦት ላይ በአንድ ሌሊት ሪያድ ውስጥ ሦስት ኮምፓውንዶች በመኪና ቦምብ ተመትተው ከ30 በላይ ሰው ሞቷል፣ በዓመቱ ደግሞ ኮበር የምትባለው የምስራቅ ሳዑዲ ከተማ ላይ ሌላ ጥቃት ነበር። ያ የኮንክሪት ብሎክ፣ በዚግዛግ የሚያስገባው መንገድ፣ መኪና ስር የሚገባው መስታወት ሁሉ የዛን ጊዜ ውርስ ነው። ሁለተኛው ነፃነት ነው፣ ሴት ያለ አባያ የምትሄድበት፣ ወንድና ሴት አንድ ፑል የሚዋኙበት፣ ሴት መኪና የምትነዳበት ግቢው ውስጥ ብቻ ነበር። ግን እኮ ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ እኔ ራሴ እየነዳሁ ነው የምወጣው፣ አባያም ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፣ ሲኒማም ተከፍቷል፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሜትሮ አለ በ4 ሪያል ትኬት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተማውን ትዞሪበታለሽ። ታዲያ ግንቡ የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ ሲቀንስ ዋጋው ለምንድነው የማይቀንሰው?

ለሀበሻ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ጌቱ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ቀድመሽ አፕ ላይ ስሙን ታስመዘግቢያለሽ፣ እሱ ሲደርስ ኢቃማውን ጌት ላይ ያስይዛል፣ ማታ በተባለው ሰዓት ካልወጣ ይደወልልሻል። እንደው በዚህ ሳልፍ ብቅ ልበል ብሎ ነገር የለም። ሀበሻ ከሚበዛበት የሪያድ ሰፈር ከመንፉሃ እንጀራ የምታመጣልኝን ሴትዮ ጌት ላይ አስቁመው «ማዳምሽ የትኛው ቪላ ነች» አሏት፣ እሷ እኮ የራሷ ቢዝነስ ያላት ሰው ናት። ከዛ በኋላ አልመጣም አለች፣ እኔ ነኝ እየሄድኩ የማመጣው። እኔንም ያለ መኪና በእግሬ ስገባ እንደዛው ይሉኛል፣ የነዋሪ ካርዴን ሳሳያቸው «ሶሪ ማዳም» ብለው ይስቃሉ፣ እኔ አልስቅም።

ቡናውን ደግሞ ስሙኝ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ስቆላ የጭሱ አላርም ኮሪደሩን በጩኸት ሞላው፣ ሴኩሪቲና ሜንቴናንስ እኩል ደረሱ፣ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ምጣዱን በእጄ ይዤ በር ከፈትኩላቸው። አሁን ጓሮ ነው የምቆላው፣ እሱንም ጎረቤት ሽታ ሽታ ብሎ ማኔጅመንቱ ኢሜል ፅፎልኛል። ሳምንት ሙሉ ባርቤኪው የሚጠብሰው ሰውዬ ላይ ግን ኢሜል ሲፃፍ አልሰማሁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክታችሁ እንጀራ ልትጋግሩ ካሰባችሁ ደግሞ ኦቨኑንና ኤሲውን አጥፉ፣ ካለዛ ብሬከሩ ይወርዳል።

ፕሌይግራውንዱ ላይ ልጅ የሚጠብቁ የሀገራችን ልጆች አሉ፣ አንዷ የወሎ ልጅ ጋሪ እየገፋች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «እታለም አንቺስ ማን ጋ ነው የምትሰሪው» አለችኝ፣ «ባሌ ጋ» ስላት ተያይዘን ሳቅን፣ አሁን አርብ ስታርፍ እኛ ቤት ነች። ግን ፑሉ ጋ የተለጠፈው ደንብ ሞግዚት መዋኘት እንደማትችል በግልፅ ይላል። ሙሉ ቀን ልጅ እየጠበቀች በዛ ፀሐይ ጠርዙ ላይ ቆማ ነው የምትውለው። ከ5ቱ ላይ ነጥብ የቆረጥኩት ከሁሉም በላይ በዚህ ነው።

እናቴ በቪዚት ቪዛ መጥታ ነበር፣ ፅዳቱንም አበባውንም አየች አየችና «ልጄ እዚህ ሰው ሲሞት ድንኳን የት ነው የሚጣለው» አለችኝ። ምን ልበላት። ጎረቤቶቻችን ክፉ አይደሉም፣ ሃሎዊን ይሉና ለልጆቹ ከረሜላ ያድላሉ፣ ግን ኮንትራታቸው አልቆ ሲሄዱ የምታውቂው ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ሶፋና ፍሪጅ ሲሸጡ ነው።

ለመግባት የወሰናችሁ ግን የእንግዳ ደንቡን በፅሁፍ ተቀበሉ፣ በተለይ ከሀገር ቤት ሰው የሚመጣባችሁ፣ ማደር የሚፈቀደው ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ። የሪያድ ኪራይ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ለ5 ዓመት እንዳይጨምር ተወስኗል፣ ስለዚህ እድሳት ላይ የሰርቪስ ምናምን የሚል አዲስ መስመር ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፣ እኛ ላይ ሞክረውት ባሌ አንገራግሮ ነው ያስቀረው። የኛ ኮንትራት ሚያዝያ ላይ ያልቃል፣ እሱ ለልጆቹ ሲል አንድ ዓመት እንጨምር ይላል፣ እኔ ደግሞ ሜትሮ አጠገብ ሰፊ በረንዳ ያለው አፓርትመንት እያየሁ ነው፣ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።