ሦስት ዓይነት ድስት ያለው ቅሬ፦ የአንድ የደሴ ሰፈር የድግስና የሐዘን አገልግሎት

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። እዚህ የምንገመግመው ደሴ ውስጥ ያለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የተጻፈበት የሰፈር ቅሬ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ ለድግስ ያከራያል፤ ለአባል ሐዘን ደግሞ ያለ ክፍያ፣ ከነጉልበቱ ይሰጣል።

ከብዙዎቹ የሚበልጠው በድስት አያያዙ ነው። በተለምዶ ምድቡ ሁለት ነው፤ የሙስሊምና የክርስቲያን። ለፍስክ ቀን ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ ግን ይጎድላል፤ ሥጋ የተሠራበት ድስት ለጾመኛ አይሆንማ። ይህ ቅሬ ሥጋም ቅቤም የማይነካው ሦስተኛ ምድብ ለይቶ አስቀምጧል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በዘይት እዚያ ይሠራና ሁሉም ከአንድ ትሪ ይጎርሳል። እንደ 2017 ዓ.ም. ረመዳን በሙሉ ዐቢይ ጾም ውስጥ ሲያርፍ፣ በማፍጠሪያ ሰዓት ሐዘን ቤት የሚቀርበው ወጥ ከዚህ ድስት ከወጣ ማንም ተነጥሎ አይበላም። ለብቻ የተቀመጠው ድስት ነው ሰዉን አንድ ላይ የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ጥንቃቄውን እንደ መለያየት የሚያዩት ሰዎች ተሳስተዋል።

ምልክቱ በድስቱ ጆሮ ላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ለጾሙ ደግሞ ነጭ። ጭልፋዎቹ እጀታቸው ላይ በዚያው ቀለም ጨርቅ ታስሮባቸዋል። ክዳኖቹ ግን ምንም የላቸውም፤ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። የሥጋው ወጥ ሲንተከተክ ቅባቱ ከእንፋሎቱ ጋር ክዳኑ ሥር ይያዛል። ያው ክዳን ተነሥቶ ሽሮው ላይ ሲደፋ ጠብ ጠብ ይላል፤ የመቶ ሰው ሽሮ ለጾመኛው ቀረ ማለት ነው። በጭስ መሀል ክዳን ሁሉ አንድ ስለሚመስል ወጥ ሠሪዎቹን መውቀስ አይገባም። ቀለም በአመድና በሽቦ ስለሚፋቅ፣ በሚስማር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭረት ማውጣት ይሻላል። የጭልፋው ጨርቅም በሁለት በሦስት እጥበት ቀለሙን ይለቃል፤ ተረክባችሁ ስትወጡ አንድ በአንድ እዩት።

ለ100 እንግዳ 200 እንጀራ ቁጠሩ፤ ለአስተናጋጁና አርፍዶ ለሚመጣው 20 ጨምሩ። ለብዙው ወገን በሬ ከተጣለ ለጥቂቱ ሙክት ወይም ፍየል ይበቃል፤ የሚያርደው ግን ከራሱ ወገን ይሁን። ማረጃው ይራራቅ፣ ቢላና መክተፊያም አትዋዋሱ። አብዛኛው ጊዜ ስህተቱ የሚመጣው ሰው ሲቸኩል ከጎረቤት ድስት ጎን ያለውን ቢላ ብድግ ሲያደርግ ነው። የጥቂቱ ወገን ማዕድ ቀድሞ ይቅረብ፤ ዘግይቶ ከመጣ ያ ወገን ራሱን እንደ ተረፈ ሰው ይቆጥራል። ቅሬው ይህን ሳይነገረው ያደርጋል፤ ያስመሰግነዋል። ለጠላ ጣሳው የተለየ ነው፤ የማያሰክሩት ቀሪቦና ብርዝ ግን ለሁሉም ይዞራሉ።

በሐዘን ላይ ፈጣን ነው። የሙስሊም ቀብር በአብዛኛው በዕለቱ ስለሚፈጸም፣ ጥሪው እንደተሰማ ቆፋሪዎች ከሁለቱም ወገን ይወጣሉ። የላዩን ጉድጓድ ማንም ይቆፍራል፤ በቂብላው (በመካ አቅጣጫ) በኩል የሚወጣውን ለህድ፣ ማለትም አስከሬኑ የሚያርፍበትን የጎን ጉድጓድ፣ ግን ለሚያውቁት ይተዉታል። ክርስቲያን ሲያርፍ ደግሞ ሙስሊሞቹ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ይቆዩና ቃሬዛውን ተቀብለው ይሸከማሉ። ማታ ድንኳን ውስጥ አንድ ረከቦት ይዘረጋል፤ አቦሉ ሲወርድ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሁሉም በየአፉ አሚን ይላል።

ድንኳኑ ትልቅና ጠንካራ ነው፤ ለሠርግ ለምትከራዩ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ሐዘን ይቀድማል። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ሲበዛ፣ የተያዘ ድንኳን እንኳን በዋዜማው ለሐዘንተኛ ሊሄድ ይችላል። መብታቸው ነው፤ ደንባቸውም ይኸው ነው። ሸራና እንጨት ከሌላ ቦታ በቃል አስይዙ፤ ድስቶቹን ግን ከዚሁ ውሰዱ፣ ስትመልሱም የነጩን ድስት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ገንዳ አትጠቡ።