ከዱባይ የመጣችልኝ ስፔክትሮስኮፕ

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። እህቴ ከዱባይ በ45 ድርሃም ገዝታ ያመጣችልኝን የእጅ ስፔክትሮስኮፕ አራት ወር ሠርቼባታለሁ። ብርሃንን በየቀለሙ ለያይታ የምታሳይ፣ ከእስክሪብቶ ትንሽ ወፈር የምትል የብረት ቱቦ ናት። በአንድ ጫፏ ብርሃን የሚገባበት ቀጭን ስንጥቅ አላት፤ በሌላው ጫፍ ዓይናችንን እናስጠጋለን።

መጀመሪያ የሞከርኳት ማታ ኩሽና ውስጥ ነው። ማንኪያ አርጥቤ ጨው ነሰነስኩበትና የጋዙ እሳት ላይ ያዝኩት። በቱቦዋ ሳይ አንዲት ቢጫ መስመር ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚለቀው ብርሃን፣ የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር! ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩትን በዓይኔ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ጉድለት አላት። ስንጥቋን ማጥበብም ማስፋትም አይቻልም፤ የሞገድ ርዝመት ማንበቢያ ቁጥርም የላትም። የምትገዙ ከሆነ ቁጥር ያለበትን ፈልጉ። ፀሐይ ላይ ግን በፍጹም እንዳታነጣጥሩ፤ ዓይን ታጠፋለች።

ክፍል ውስጥ ስናዞራት አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ኮከብ ሲወለድ በዚች ይታያል?» አለችኝ። አይታይም። ግን ጥያቄዋ የቀረውን ክፍለ ጊዜ በላው፤ ደስ እያለኝ።

ኮከብ የሚወለደው 10 ኬልቪን አካባቢ በሆነ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ነው። ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ማለት ነው። ደመናው በአብዛኛው የሃይድሮጅን ሞለኪውል ነው። ሁለቱ አቶሞቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በዚያ ብርድ ጨረር ሳይለቅ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። የሚናገርልን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ እኩል አይደሉም፤ ሲሽከረከር 2.6 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ በዓይን የማይታይ የራዲዮ ሞገድ ይለቃል። ሳይንቲስቶቹ ዊልሰን፣ ጄፈርትስና ፔንዚያስ በ1970 እ.ኤ.አ. በአሪዞናው ኪት ፒክ ቴሌስኮፕ ኦሪዮን ከሚባለው የሰማይ ደመና የያዙት ይህንኑ ሞገድ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ደመና በራሱ ክብደት ሲጨማደድ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ካልወጣ ግፊቱ መጨማደዱን ይገታዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮጅን ጋር እየተጋጨ ሙቀቱን ይቀበልና በጨረር መልክ ወደ ውጭ ይልከዋል። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ሲወለዱ ካርቦንም ኦክስጅንም አልነበረም። ጋዙ በደንብ መቀዝቀዝ ስላልቻለ ብዙዎቹ ከፀሐይ እጅግ የገዘፉ እንደነበሩ ይታመናል።

ልጅቷ ዓርብ ዕለት ቱቦዋን ተውሳኝ ሄደች። ሰኞ የሰፈሯን አምፖሎች መስመር አንድ በአንድ በባለ ቀለም እርሳስ ስላ መጣች።