ሽቦ ወይስ ናፍጣ? ባቡር ለሚገዛ አገር የተሠራ ሂሳብ

በለቅሶ ድንኳን ሥርም ሆነ በቡና ላይ፣ በባቡር ጥገና ሥራ ላይ እንደነበርኩ የሚያውቅ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሣብኝ አይሄድም፦ «ኬንያ ናፍጣ ገዛች፤ እኛ ኤሌክትሪክ ገዛን። የተታለለው ማን ነው?» ሰሞኑን ደግሞ ጥያቄው፣ «ለሚቀጥለው መስመር ሽቦ ይዘርጋለት ወይስ ይቅርበት?» ወደሚል ተሻገረ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብያለሁ። ወገኔን አልደብቅም፤ ኤሌክትሪክ እመርጣለሁ። አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ በአሮጌው ምድር ባቡር የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ሳንስማማ ተለያየን፣ ነፍሱን ይማር።

ከግዢው ዋጋ ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምሰሶ፣ ሽቦና የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ስለሚጨመርበት ኤሌክትሪክ የግድ የሚወደድ ይመስላል። እስቲ የሁለቱን ጎረቤታሞች ደረሰኝ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር 472 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ የሚሄደው በናፍጣ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የተመረቀው የእኛው መስመር ከሰበታ እስከ ደወሌ 656 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ያውም እስከ አዳማ ድረስ ድርብ ሐዲድ አለው። አካፍሉት። ናፍጣው በኪሎ ሜትር 7.6 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤሌክትሪኩ 5.2 ሚሊዮን። የመሬቱ አቀማመጥ፣ የድልድዩ ብዛትና የካሳ ክፍያው ስለሚለያይ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም «ኬንያ ሽቦውን ስለተወችው ገንዘቧን አተረፈች» ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ባቡር ሲገዛ ገንዘቡን የሚበላው ከሁሉ በፊት አፈሩ፣ ድልድዩና ድርድሩ ነው።

ዋናው ሂሳብ ግን ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣው ነው። በ2013 ዓ.ም. አንድ ሊትር ናፍጣ ከ25 ብር በታች እንገዛ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። እዚያው ላይ ቆመን እንቁጠር። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ አሥር ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው፤ ጥሩ ሞተር ከዚያ ውስጥ አራቱን ቢያወጣ ነው፣ የቀረው በጭስና በሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ ባቡር ለመጎተት የሚውል አንድ ኪሎዋት ሰዓት 25 ብር ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ እየጨመረ መሆኑን አውቃለሁ። ለተቃዋሚዎቼ ላድላና አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር ልቁጠረው፤ በሽቦውና በትራንስፎርመሩ መንገድ ላይ አንድ አምስተኛው ይጥፋ፤ 12 ብር ከሃምሳ። ግማሽ! በዚያ ላይ ናፍጣው በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ ይመጣል፤ ኤሌክትሪኩን ግን ግልገል ጊቤም ዓባይም በአገር ውስጥ ያመነጩታል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ መድከም ያለብኝ አይመስለኝም።

ሰው የማይቆጥረው አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አዋሽ የሚወርድ ባቡር ፍሬን መያዝ አለበት። የእኛ ዓይነቱ የኤሌክትሪክ ጎታች ሲወርድ ሞተሩ ጄነሬተር ይሆንና ኃይሉን ወደ ሽቦው ይመልሳል። ናፍጣው በተመሳሳይ መንገድ ሲይዝ ያገኘውን ኃይል አየር ላይ በሙቀት ከመበተን ሌላ ማድረጊያ የለውም። ሲወጣ ደግሞ፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ እስኪደርስ ድረስ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር የናፍጣ ሞተር ይታፈናል። ኤሌክትሪክ አይተነፍስም።

እስካሁን አባቴ ቢሰማኝ ኖሮ፣ «ሲበላሽስ?» ይለኝ ነበር። እውነት አለው። ናፍጣ ሲታመም ያሳውቃል፤ ያጨሳል፣ ያንኳኳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል። የከባድ መኪና ሞተር የፈታ ልጅ የባቡሩንም በጥቂት ወራት ይለምደዋል። ፊልትሮ ሲደፈን ይወጣል፣ ፖምፓ ሲደክም ይስተካከላል። የኤሌክትሪክ ጎታች ግን ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል፤ ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ውጭ አገር ነው። የምወደውን ነገር ጉድለት ካልተናገርኩ ሻጭ መሆኔ ነው።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የጥገና ክፍል የአየር መጭመቂያውን ሞተር የምታበራና የምታጠፋ ኮንታክተር ተቃጠለች። ዋናዋ 18,000 ብር፤ ግን የውጭ ምንዛሪ ወረፋው አምስት ወር ነው። አንድ ነጋዴ ዘንድ ያችኑ የመሰለች፣ ማኅተሟ ሳይቀር ያው የሆነ፣ በ3,200 ብር አገኘሁ። ኮራሁ፤ ለአለቃዬም ስንት እንዳተረፍኩ ሪፖርት ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት መገናኛ ነጥቦቿ ቀልጠው ተጣበቁ። መጭመቂያው መጥፋት አቅቶት ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ፤ ጠዋት ሞተሩ ተቃጥሎ ክፍሉ በቫርኒሽ ሽታ ታፍኖ አገኘሁት። ለሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ማሠሪያ 95,000 ብር ከፈልን። ስፈታት የብር ቅይጥ መሆን የነበረባቸው ነጥቦች ብር የተቀባ መዳብ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ኮንታክተር ስገዛ መጀመሪያ የምይዘው ሚዛን ነው፤ ከአሮጌዋ ቀልላ ከተገኘች ሌላ ምርመራ አያስፈልጋትም። ሁለተኛ የመገናኛውን ጠርዝ በምላጭ ጫር አደርገዋለሁ፤ ቀይ ከታየ ለሻጩ እመልሳለሁ። ኩሽኔታም እንዲሁ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሊያምር ይችላል፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን በጥፍር ሲነካ ከደበዘዘ ቅጂ ነው።

ይህን የማወራው የራሴን ኃጢአት ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆሙ። «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። መለዋወጫ ሳይዝ የተገዛ ናፍጣም ይቆማል፤ ልዩነቱ ናፍጣውን በቅጂ ዕቃ እያስነከሱ ትንሽ ማራመድ መቻሉ ነው። ይህን ደግሞ እንደ ጥቅም የሚቆጥረው የቅጂ ዕቃ ሻጩ ብቻ ነው።

አሁን ኤሌክትሪክን አጥብቆ ለሚጠላ ሰው በነፃ ማስረጃ ልስጥ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚሄደውን መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ያዘ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተነጠፈ፣ ምሰሶው ተተከለ፣ ሽቦው ተዘረጋ። ኃይል አልመጣለትም። ባቡር ሳያልፍበት ቆየ፤ በመሐል ጦርነት ደረሰና ጉዳት ጨመረበት። ያው መስመር ናፍጣ ቢሆን ኖሮ ሐዲዱ ባለቀ ማግስት ፉርጎ ይጎትት ነበር። ይህን ክርክር ከማንም ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽቦውን የሚዘረጋው ተቋራጭና ኃይሉን የሚያመጣው መሥሪያ ቤት በተለያየ ውል፣ በተለያየ ቀን ከታሰሩ የተገዛው ኤሌክትሪክ ባቡር ሳይሆን የልብስ ማስጫ ገመድ ነው።

ኬንያዎችንም ሞኝ አላደርጋቸውም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. መጨረሻ አንዲት ጦጣ በጊታሩ ኃይል ማመንጫ ትራንስፎርመር ላይ ወድቃ አገሪቱን በሙሉ ጨለማ ውስጥ ከትታለች፤ ጦጣዋ ግን ተረፈች። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ናፍጣ ቢመርጥ አልፈርድበትም። ታንዛኒያ ግን ይህን ሁሉ እያየች ከዳሬሰላም ዶዶማ ሽቦ ዘርግታ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ሰው ማመላለስ ጀመረች።

ሽቦ የማይገባው መስመርም አለ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ባቡር ብቻ ለሚያልፍበት መስመር ምሰሶ መትከል ገንዘብ መቅበር ነው፤ ሽቦው ወጪውን የሚመልሰው በሚመላለሰው ባቡር ብዛት ነው። የዋጋው ግምት ደግሞ ከአገር አገር አይታመንም። እንግሊዞች ለታላቁ ምዕራብ መስመር ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2014 1.6 ቢሊዮን ፓውንድ ገምተው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ደረሰባቸው። ከካርዲፍ ስዋንሲ ያለውን ሰርዘው ሽቦ ባለበት በሽቦ፣ በሌለበት በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ይዘው ቀሩ፤ ሁለቱንም ማሽን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ የሚዞር ባቡር።

ስለ ሃይድሮጂን የሚጠይቀኝም አልጠፋም። በጀርመን የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 በ14 የሃይድሮጂን ባቡሮች ጀመረ፤ በዓመቱ ቀጣዩ ግዢ በባትሪ እንደሚሆን አስታወቀ፣ ምክንያቱም ወጪው። እነሱ ያልቻሉትን እኛ በምን አቅም?

ስለዚህ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር የማደርገውን ልንገረው። አዲስ መስመር ላይ አንድም ምሰሶ አልተክልም። መጀመሪያ የአዋሽ–ኮምቦልቻውን ኃይል አገናኛለሁ፣ የተሰረቀውንና የተሰበረውን እተካለሁ። ለመንገድ ላይ ብልሽት መጎተቻ የሚሆኑ ጥቂት የናፍጣ ጎታቾች እገዛለሁ፤ አባቴም ደስ ይበለው። ከቀረው ገንዘብ ላይ የአምስት ዓመት መለዋወጫ ከነፋብሪካ ማረጋገጫው አስቆርጣለሁ። ውሉ ላይ ከመፈረሜ በፊት ደግሞ ሻጩን፣ «የስህተት ቁጥሮቹን ዝርዝርና የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ለእኛ ልጆች ትሰጣለህ ወይ?» እለዋለሁ። «በኋላ እንነጋገራለን» ካለኝ ብዕሬን ከድኜ እነሣለሁ።