«ዜሮ ብልሽት» ተብሎ የተሸጠልኝ ሞተር

ያገለገለ የወፍጮ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ሻጩ «ሳይነካ በሚመረምር ዘመናዊ መሣሪያ ተፈትሿል» ካላችሁ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ካወጣሁ በኋላ ነው የነቃሁት።

ባለ 15 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነበር። ቀለሙ አዲስ፣ ኩሽኔታው ድምፅ የማያሰማ። ሻጩ አንድ «ባለሙያ» ጠራልኝና የምርመራውን ለብቻው አስከፈለኝ። ሰውየው ሞተሩን ያለ ቺንጋ፣ ባዶውን አስነሣው፤ ከዚያም እንደ ጉጠት አፉ የሚከፈት መሣሪያ አውጥቶ ሦስቱ ሽቦዎች ያሉበትን ጥቁሩን ገመድ ከነላስቲኩ አቀፈበት። መስኮቱ ላይ 0.0 ታየ። «አየህ? ዜሮ ብልሽት!» አለኝና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ።

በ11ኛው ቀን ጤፍ እየፈጨን ሳለ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና የሚጠቀልለው ባለሙያ ከፍቶ ሲያሳየኝ የአንዱ ፌዝ የሽቦ ጥቅል ከሰል መስሏል፤ ከጎኑ ያለው ግን ቀይ መዳቡ ገና ያብለጨልጫል።

መሣሪያው ለካ ሽቦ አቅፎ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚለካ ተራ ክላምፕ ሜትር ነው። ሦስቱን ሽቦ አንድ ላይ ሲያቅፍ የሦስቱ ጅረት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ጤነኛውም ሊሞት የተቃረበውም ሞተር ዜሮ አካባቢ ያሳያሉ። በዚያ አኳኋን ሊታይ የሚችለው ወደ መሬት የሚሾልክ ጅረት ብቻ ነው። የእኔ ሞተር በሽታ ደግሞ ሌላ ነበር፤ በአንዱ ጥቅል ውስጥ ሽቦውን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ተልጦ ጎን ለጎን ያሉ የሽቦው ዙሮች ተነካክተዋል። የተነካኩት ዙሮች የተዘጋ ቀለበት ይሆናሉ፣ ብርቱ ጅረት ይዞርባቸዋል፣ ሙቀቱም የጎረቤታቸውን ቫርኒሽ ይበላል።

ሳይነኩ መለካት ራሱ ውሸት ነው አልልም። እውነተኛው ዘዴ ሁለት ማቀፊያ አለው፤ አንዱ ሽቦው ላይ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ደካማ ምልክት ያሳድራል፣ ሌላው የፈሰሰውን ጅረት ያነባል፤ ከዚያ የሞተሩ ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው መቋቋም) ይሰላል። ሞተሩ እየሠራ እንኳ የዙሮችን ንክኪ ገና ከጅምሩ ሊጠቁም ይችላል። ነገር ግን ለማነጻጸሪያ ሞተሩ ጤነኛ ሳለ የተለካ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ አሮጌ ሞተር ያንን ማን መዝግቦ አቆየ?

ስለዚህ የራሳችሁን ኤሌክትሪሲያን ይዛችሁ ሂዱ። በ500 ቮልት ሜገር፣ ማለትም በሽፋን መቋቋም መለኪያ፣ ጥቅሉ ከአካሉ ጋር አለመነካካቱን ይለካ፤ ከ5 ሜጋኦም በታች ካነበበ ተዉት። ሜገር ግን የዙሮችን ንክኪ አያይምና በዚያ ብቻ አትርኩ። የሦስቱ ጥቅሎች ሬዚስታንስ (የሽቦው መቋቋም) ይነጻጸር፤ ሞተሩ ሥራ ላይ እያለም እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻው ታቅፎ አምፔሩ ይነበብ። በ380 ቮልት 15 ኪሎዋት ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 30 አምፔር ይስባል። አንዱ ከፍ ካለ ሻጩ «መብራቱ ነው» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጥፋና ሦስቱም ሽቦዎች አንድ አንድ ቦታ ይዛወሩ፤ ሞተሩ የሚዞርበት አቅጣጫ አይለወጥም። ከፍተኛው ቁጥር ከመስመሩ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፤ እዚያው ጥቅል ላይ ከቀረ የሞተሩ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ነበር። አገላብጦ አየውና «የተመረመረው ገመዱ ነው፤ ገመዱ ተቃጠለብህ እንዴ?» አለኝ።