ሕንፃው አሪፍ ነው፣ የበሩ መዝገብ ግን…

ቦሌ አካባቢ ያለ ባለ ብዙ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የጎረቤት ሕንፃዎቹም በራቸው ላይ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ሊፍቱ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ሽንት ቤቱ ውሃ አለው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጥርሴን የምታክመኝ ሐኪም ስላለች እመላለሳለሁ። ቅሬታዬ ሁሉ ምድር ላይ፣ በሩ ጋ ነው።

ፍተሻው ላይ ጥያቄ የለኝም። ቦርሳ ይከፈታል፣ ሴት ፈታሽ አለች፣ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ከሷ ስታልፉ ጠረጴዛ አለ። መታወቂያችሁን ትሰጣላችሁ፣ ቁጥር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይሰካል፣ በምትኩ ባጅ ይሰጣችኋል። ከዚያ መዝገቡ ይመጣል። ትልቅ ባለ መስመር ደብተር ነው፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሚሄዱበት ቢሮ፣ የገቡበት ሰዓት፣ ፊርማ።

ደብተሩ ተገልጦ ነው የሚውለው። እኔ ስጽፍ ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ይታዩኛል። ሕንፃው ውስጥ ደግሞ የፍቺ ጉዳይ የሚይዙ ጠበቃና የሥነ ልቦና አማካሪ አሉ። ማን ጠበቃው ጋ እንደወጣ፣ ማን አማካሪዋ ጋ እንደገባ፣ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ከነስልኩ ያነባል። አንድ ቀን ማታ ከማላውቀው ቁጥር «ዛሬ ቦሌ አይቼሽ ነበር» የሚል ቴክስት መጣልኝ። ከመዝገቡ ነው ብዬ አልምልም። ግን የዚያን ቀን ስልኬን የጻፍኩት እዚያ ብቻ ነው።

ጥበቃውን ጠየቅኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቅን።

«ጋሼ፣ ይሄ ደብተር ሲሞላ የት ይሄዳል?»

«ካርቶን ውስጥ ነዋ፣ የኔ ልጅ» ብለው ደረጃው ሥር ያለውን አሳዩኝ። ክፍት ካርቶን፣ አጠገቡ መወልወያ።

ፋይዳዬን ከስልኬ ላይ ሳሳያቸው ሳቁ። «ታዲያ ስልክሽን እዚህ ትተሽልኝ ልትወጪ ነው?» እውነታቸውን ነው። ሳጥኑ የተሠራው ለካርድ ነው።

መታወቂያ አይቶ፣ ከፊት ጋር አመሳክሮ መመለስ ይገባኛል። መያዝ ግን ለምን? የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ የቤት ቁጥሬ አለ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪዬ ስልክ አለ። እኔ አፌን ከፍቼ ወንበር ላይ ተጋድሜ እሱ በር ላይ ምን ይሠራል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ ይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠየቅ፣ በጥንቃቄ ይያዝ ይላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህን ለሕንፃው አስተዳደር ሳነሳ «ሁሉም ሕንፃ እንዲህ ነው» አሉኝ።

ሁሉም አይደለም። ሜክሲኮ አካባቢ የምሄድበት አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃዋ ወደ ቢሮው ትደውላለች። «እንግዳ ትጠብቃላችሁ?» አዎ ካሏት መታወቂያዬን አይታ ትመልስልኛለች፣ አለቀ። ሊፍቱ ግን አይሠራም፣ በእግር ነው የምወጣው።

ለጥርስ ሕክምናው አምስት ኮከብ። ለበሩ አንድ፣ እሷም የጋሼ ናት። ከሄዳችሁ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ይቀበላሉ፤ የኔ ላይ የቤት ቁጥር ስለሌለ አሁን የምሰጠው እሱን ነው። «የሚሄዱበት ቢሮ» የሚለው ላይ ፎቁን ብቻ ጻፉ፣ እኔን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ላፕቶፕ ከያዛችሁ ግን ስትገቡ አስመዝግቡ፣ አለዚያ ስትወጡ ያስቆሟችኋል።