«ከወለድሽ በኋላ ነይ» ለማትል የድድ ሐኪም ምስጋና

አዋላጅ ነርሶች ነን። ለክትትል የሚመጡ እናቶችን ድድ የምታክምልንን ሐኪም በአደባባይ ማመስገን ፈለግን። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልወደደች ሥራዋን እንናገራለን፤ ባላችሁበት እንዲህ የሚሠራ ፈልጉ።

ድዷ የሚደማ ነፍሰ ጡር ስትመጣላት ከማጠቧ በፊት ትለካለች። በሚሊሜትር የተሰመረች ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መሃል እያስገባች በየጥርሱ ዙሪያ 6 ቦታ ታያለች። እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ወዲያው አትፈርድም፤ በእርግዝና ሆርሞን ያበጠ ድድ፣ አጥንቱ ሳይነካም ኪሱን፣ ማለትም በጥርስና በድድ መሃል ያለውን ክፍተት፣ ጥልቅ ሊያስመስለው ይችላልና። እዚህ ላይ የሚቸኩል ብዙ ነው።

ኪሱ እውነተኛ ከሆነ በሊዶኬይን አደንዝዛ ከድድ በታች ሥሩ ላይ የጠጠረውን ቆሻሻ ታነሳለች። ከላይ ከላይ ማጠብ ብቻውን ጥርሱን ያስውባል እንጂ ኪሱን አያድንም። እርግዝናው የገፋባትን እናት በጀርባዋ ቀጥ አድርጋ አታስተኛም፤ ማህፀኑ ትልቁን ደም መላሽ ሥር ተጭኖ የደም ግፊቷ እንዳይወርድ በቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ አድርጋ ወደ ግራ ታዘነብላታለች። የሚመቸው ጊዜ ከ14 እስከ 20 ሳምንት ነው፤ መግል የቋጠረ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን ወዲያው ይታከማል እንጂ ለሌላ ቀን አይቀጠርም። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አታዝም፣ በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክም አትሰጥም።

ከሁሉ በላይ የምናከብርላት ግን አለማስፈራራቷን ነው። የድድ በሽታ ያለባቸው እናቶች ላይ ከ37 ሳምንት በፊት መውለድ በዛ ብሎ መታየቱ እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከ800 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ጥናት በእርግዝና የታከሙትን ከወሊድ በኋላ ከታከሙት ጋር ሲያነጻጽር፣ ያለጊዜው የወለዱት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ሕክምናው ድዱን አሻሻለ፣ ጽንሱንም አልጎዳም። እሷም ይህንኑ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግራቸዋለች። «ልጅሽን ያለጊዜው ከመወለድ ያስቆይልሻል» ብሎ እጥበት የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ስትሄዱ የክትትል ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ያዙ። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ወዲያው ጥርስ አትቦርሹ፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን አለስልሶታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡና አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።